የኋላው ክፍል ቴሌቪዥን

ሸዋርጋ ባሏን ያለቀሰችው ሬዲዮ እየዘፈነ ነው። ይህን ለሰው ስታወራ ሌላውን ሁሉ ትዘለዋለች። ገብረወልድ ከዲጋ ወዲያ መኪና ተገልብጦበት እንደሞተ፣ አስከሬኑ እስኪመጣ እንዴት እንደዋለች፣ ማን ፊቱን እንደነጨ ማን እንዳልነጨ፣ ይህን ሁሉ ትታ በቀጥታ ወደ ሬዲዮው ነው የምትገባው። መርዶው በተነገረ ጊዜ፣ ገና የመጀመሪያው እሪታ ሳይበርድ፣ ከአጥሩ ማዶ ከወርቂቱ ቤት ሬዲዮ ይዘፍን ነበር። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ገባ፤ ከዚያ ማርሽ፣ ከማርሹም በኋላ ሌላ ዘፈን። እሷ ደረቷን ትደቃለች፣ ሬዲዮው ይጨፍራል።

ወርቂቱ ራሷ ደግሞ የት ነበረች? እዚያው ሸዋርጋ ግቢ። እሪታውን ሰምቶ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ ሰው እሷ ናት፤ የሸዋርጋን ወገብ አቅፋ፣ አንገቷ ስር ተወሽቃ ስታለቅስ ዋለች። ሸዋርጋን ይበልጥ ያንገበገባት ይሄው ነው። "እዚህ እያለቀሰች እዚያ ታስዘፍናለች" ትላለች። "እንባው ለሰው፣ ዘፈኑ ለራሷ።"

በነቀምቴ ጎረቤት ሲሞት ሬዲዮ የሚከፍት የለም። ኦሮሞውም፣ ጉራጌውም፣ እንደ ሸዋርጋ ከሸዋ የመጣውም፣ ጸሎት ቤት የሚሄደውም ማርያም የሚሳለመውም፣ በሌላው ነገር ባይስማማ በዚህ ይስማማል። ስለዚህ ሸዋርጋ ቂም ያዘች። አልተጣላችም፤ ተጣልታ ቢሆን ይወጣላት ነበር። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ "አካም ቡልቴ" ስትባል "ደኅና" ትላለች፤ ግን ፊቷን ወደ ዶሮዎቿ አዙራ ነው። ቄሱ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት መሆኑን ሲነግሯት፣ እንግዲያስ ጸሎቱ ይቅር ብላ መለሰችላቸው። ሻይ ሊጠጣ ለተቀመጠ ሁሉ የሬዲዮውን ነገር አውርታ ስትጨርስ አንድ ነገር ትጨምር ነበር፦

"የሷም ቤት አንድ ቀን ይለቀሳል። ያኔ እንተያያለን።"

ይህችን ቃል ባታወጣት ኖሮ የኋላው ሁሉ ባልመጣ ነበር። አለዚያም ቢመጣ ባልከበደ።

ገብረወልድ ከሞተ በኋላ በመኪና መናኸሪያው መንገድ ላይ ያለውን የቤቷን የፊት ክፍል ሻይ ቤት አደረገችው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አሰብ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ያመጣውን አሮጌ የቪዲዮ ዴክና ቴሌቪዥን ገዛች። ቀበሌው የሚታየውን አይቶ ፈቀደላት፤ ሕዝቡ የህንድ ፊልም ሊያይ ጎረፈ። ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረም። የሚያስፈልገውም አልነበረም፤ ክፉው ሰውዬ ገና በር ሲገባ ሁሉም ይሰድበዋል።

ከዚያ አፈሳው መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከሻይ ቤት እየታፈሰ ይጫን ጀመር። ሻይ ቤቱ መንገድ ላይ የተፈናጠጠ ነው፤ ወጣቱ ጠፋ። ሸዋርጋ አሰበችና መላ አገኘች። ከሻይ ቤቱ ጀርባ፣ ከወርቂቱ አጥር ጋር የተጣበቀ፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር ያለው ክፍል አላት። እዚያ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ይቀመጥ፤ የፈራ ከኋላ ያያል፣ የመኪና ድምፅ ሲሰማ በጓሮ በር ውልቅ ይላል።

ሥራውን የሠራላት ሬዲዮ ጠጋኙ እሸቱ ነው። ዴኩን ከፊተኛው ቴሌቪዥን ስር እንዳለ ተወውና ከጀርባው የሚወጣውን ሽቦ እንደ ባላ ለሁለት ከፈለው፤ አንዱን ጫፍ ለፊተኛው ሰካ፣ ሌላውን ግድግዳውን ሰንጥቆ ወደ ኋላ ወሰደው። ምስሉ መጀመሪያ በረዶ ሆነ፣ ከዚያ ተንጋደደ፣ ከዚያ ጠራ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሲጨፍር ሸዋርጋ አይታ በአፏ ላይ እጇን ጫነች።

እሸቱ እቃውን እየሰበሰበ፣ "እትዬ ሸዋርጋ፣ አንድ ነገር ልብ በይ። የሁለቱም እናት ዴኩ ነው። የፊቱን ብታጠፊ የኋላው አያውቅም። ሁሉንም ዝም ለማሰኘት ዴኩን ነው" አላት።

"እሺ፣ እሺ" አለችው። እሷ ግን ነገሩ ገብቷታል። ሽቦው ወደ ኋላ የሚሄደው በፊተኛው ቴሌቪዥን በኩል አልፎ ነው፤ የቀበሌው ቦኖ ላይ የላይኛው ቧንቧ ሲዘጋ የታችኛው እንደሚደርቅ ሁሉ የፊቱ ሲዘጋ የኋላው ይደርቃል። ይህን ለማወቅ እሸቱ መሆን አያስፈልግም። ደግሞ በየማታው የምታደርገው ልማድ አላት፤ ፊልሙ ሲያልቅ ካሴቱን ታወጣለች፣ የፊቱን ትዘጋለች፣ ትተኛለች። የኋላው አንድ ቀን እንኳ ጮኾባት አያውቅም። ካሴት ሳይኖረው ምን ብሎ ይጮኻል?

የወርቂቱ እናት አሮጊቷ ድርቤ ከዲጋ መጥተው ልጃቸው ዘንድ ይኖሩ ነበር። እሳቸው ቂሙን አያውቁም፤ ወይም አውቀው አልፈለጉትም። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ክፍተት ይገቡና ከኋላው ክፍል፣ ከጎረምሶቹ መሐል ይቀመጣሉ። "ኢንተላ ኮ" ይሏታል ሸዋርጋን፣ ልጄ ማለት ነው። የህንዷ ልጅ ስታለቅስ ያለቅሳሉ፣ ዘፈን ሲመጣ በመቋሚያቸው መሬቱን ይመታሉ። ሸዋርጋ ወርቂቱን እንደ እሾህ ስታይ ለእናቷ ሻይ በነጻ ትቀዳ ነበር። ይህም ራሷን ያናድዳታል።

እንዲህ እያለ ድርቤ አንድ ቅዳሜ ሞቱ።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ፊልም ተጀምሮ ሳለ መብራት ሄደ። ሰዉ ጠብቆ ጠብቆ ተበተነ። ሸዋርጋ ብርጭቆ ስታጥብ እሪታውን ሰማች፤ ከአጥሩ ማዶ ነው፣ የወርቂቱ ድምፅ ነው። ቀጥ ብላ ቆመች። መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ድርቤ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያሰበችው ግን ሬዲዮውን ነው። አሁን አሳያታለሁ አለች በልቧ፤ ለለቅሶ እንዴት እንደሚደረግ አሳያታለሁ። እጇን በቀሚሷ አብሳ ወደ ፊተኛው ቴሌቪዥን ሄደች። መስታወቱ ጨልሟል፣ መብራት የለም፤ ቢሆንም ማጥፊያውን ጠብ አድርጋ አጠፋችው። መብራት ቢመጣ እንኳ ከዚህ ቤት ትንፋሽ እንዳይወጣ። በሮቹን ቆለፈች፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሄደች። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ራሷን ከፍ አድርጋ አይታ አታውቅም።

ዴኩ አሮጌ ነው። የማጫወቻው ቁልፍ አንዴ ከተጫነ በእጅ ካላስነሱት እንደተጫነ የሚቀር ዓይነት። ካሴቱም ውስጡ ነበር።

ድንኳኑ ተተከለ። የወርቂቱ ሰዎች ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ቆይቷል፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚዘምሩበት የቀራቸው ቦታ ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ማን ይከለክላል? ስለዚህ ዝማሬው ሲጀመር ሽማግሌው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደተጠማ ሰው ነበር የሚዘምረው። ሸዋርጋ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ወርቂቱ ከፊት፣ የእናቷን ነጠላ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትወዛወዛለች።

መብራት መጣ።

ከበሮው ነው መጀመሪያ የተሰማው። ከዚያ ቃጭሉ፣ ከዚያ ያቺ ቀጭን የሴት ድምፅ፣ ከዚያ እልፍ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያጨበጭብ የሚመስል ጭፈራ። ከአጥሩ ስር ነው የሚመጣው። ድንኳኑ በከበሮው ይመታል። መዝሙሩ ተንገዳገደ፤ ሁለት ሦስት ድምፅ ቀረ፤ እነሱም ቆሙ።

ሸዋርጋ ቀና አለች። በቁጣ፣ በሙሉ ድምፅ፣ "ማነው ይሄ ባለጌ?" አለች። "ሰው ሞቶ ማነው የሚያስጨፍረው?"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

ጠላ ነጋዴዋ ድንቅነሽ፣ "ሸዋርጋ፣ ካንቺ ቤት እኮ ነው" አለች በቀስታ።

"የኔ አይደለም። እኔ በእጄ አጥፍቼ ነው የመጣሁት።"

"ህንዱ እኮ ነው።"

"ህንድ የኔ ብቻ ነው?"

በነቀምቴ በዚያ ሰፈር ህንድ የሷ ብቻ ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች። ግን እጇ ማጥፊያውን ሲጫን ተሰምቷታል፤ ጠብ ሲል ሰምታለች። ቆማ ሄዳ ብታይ አንድ ነገር ነበር። አልቆመችም። የቆመች እንደሆነ የሷ መሆኑን ማመኗ ነው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ ዘፈኑም አልቆ፣ ከፊልሙ የሚያለቅስ ሰው መጣ፤ የሚያለቅሰው ሰው ሄዶ ሌላ ዘፈን መጣ። በመጨረሻ ድንቅነሽ ጎንበስ ብላ ከሸዋርጋ መቀነት ላይ ቁልፉን ፈታች። ሸዋርጋ አልከለከለቻትም። አላገዘቻትም። ድንቅነሽ ስትወጣ የሰው ዓይን ሁሉ ተከትሏት ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ከበሮው ቁርጥ አለ። ሁሉም ሰማ።

ወርቂቱ የእናቷን ነጠላ አጣጠፈችው፤ መልሳ ፈታችው፤ መልሳ አጣጠፈችው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው እንግዲህ የታወቀ ነው። ቂሟን ተወጣች አሉ። ስንት ዓመት "እንተያያለን" ስትል ነበር፣ ይኸው አሳየቻት አሉ። ከኡኬ ለለቅሶ የመጣ እንግዳ ሳይቀር ሻይ ቤቷን እየጠቆመ አለፈ። ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ሊሰበሰብ ነው፤ ነገሩ ይታያል፣ ስሟ ይሰረዛል ተባለ። ለብቻዋ የምትኖር ሴት ከእድር ወጣች ማለት ምን እንደሆነ ሸዋርጋ ታውቃለች። ስትሞት በሯን የሚያንኳኳ አይኖርም። ግን ይሄ እንኳ አይደለም የቆረጣት። ምግብ አልዋጥ ያላት፣ "ማነው ይሄ ባለጌ?" ያለችው ድምፅ ነው። የራሷ ድምፅ። ቤት ስትጠርግ ይመጣል፤ ውሃ ስትቀዳ ይመጣል፤ ብቻዋን ሆና እንኳ ፊቷ ይቀላል።

እሸቱን አስጠራችው። ድምፁን ጭራሽ ዝቅ አድርገው፣ በሩን ዘግተው ሞከሩት። የፊቱን አጠፋች፤ ሄዳ አየች፤ የኋላው ክፍል ውስጥ ሰዎቹ ያለ ድምፅ ይጨፍራሉ። እሸቱ ዴኩን አስጠፋት፤ ጭፈራው በረዶ ሆነ።

"ነግሬሽ ነበር" አላት እሸቱ።

"ነግረኸኝ ነበር" አለች።

ይሁን እንጂ ማስረጃ ተገኘ። ሸዋርጋ ወዲያው ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ተክለጻድቅ ሱቅ ገሰገሰች። ሽማግሌው ብርድ ልብስ እያጣጠፉ ነበር። ቆማ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ መብራቱ ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹን ይዘው ይምጡ፣ የፊቱን ሳጠፋ የኋላው እንደማይጠፋ በዓይናችሁ ታያላችሁ አለች።

"ለማየት መከፈት አለበት አይደል?"

"አዎ።"

"ህንዱ?"

"አዎ፣ እሱው..." አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ድንኳኑ ገና አልተነሣም። ከለቅሶ ቤቱ አጥር ስር ሽማግሌ ሰብስባ ጭፈራ ልታሳይ ነው።

ጋሽ ተክለጻድቅ ብርድ ልብሱን አስቀመጡ። "ወርቂቱም ያኔ ማስረጃ ነበራት። ይዛው ተቀመጠች እንጂ።"

"የምን ማስረጃ?"

"የሬዲዮው ጊዜ ቤቷ ተቆልፎ ነበር። አንቺ ስትጮኺ ሬዲዮውን ማን አስታወሰ? ጉሉማ በሩን ቆልፎ ሁለቱም ሮጡ። ቁልፉ ጉሉማ ኪስ ነበር። ጉሉማስ የት ነበር ያን ቀን?"

ጉሉማ፣ የወርቂቱ ባል፣ የት እንደነበር ከሸዋርጋ በላይ የሚያውቅ የለም። የጭነት መኪና ላይ ዘሎ ዲጋ ሄዶ ነበር። ገብረወልድን ያመጣው እሱ ነው። አመሻሽ ላይ አቅፎት ሲወርድ ሸሚዙ በደም ደርቆ እንደ ቆዳ ቆሞ ነበር። ሬዲዮውም የቆመው ያኔ ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣ ግን አይታ አታውቅም።

"ለምን አልነገረችኝም?"

"እኔ ልንገራት ስል ከለከለችኝ። 'ባሏ የሞተባትን ሴት ተሳስተሻል ልበላት? ትቀየመኝ፤ ለጊዜው ቂሙ ያቆማታል' አለች። በኋላ ደግሞ አንቺ ጠይቀሽ አታውቂም።"

ሸዋርጋ ከሱቁ ስትወጣ መሬት መሬት እያየች ነው። ሰላም ያላት ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አላየችም። ስንት ዓመት ለስንት ሰው ያወራችው ወሬ፣ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ሻይ ጋር የቀዳችው ወሬ፣ ተመልሶ አንድ በአንድ ጉሮሮዋ ላይ ተሰለፈ።

በአባቷ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚታረቀው። ግቢዋ ውስጥ ድንጋይ ፈለገች። አንዱ ትንሽ ሆነባት፤ ትንሽ ድንጋይ ማላገጥ ነው። ሌላው ተቀብሯል፣ አልነቀል አለ። እጇን አራግፋ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላው ክፍል ገባች፣ ሽቦውን ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለች፣ ቴሌቪዥኑን ከጠረጴዛው ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ ማጅራቷ አወጣችው። የበሬ ጭንቅላት ያህል ይከብዳል። በአጥሩ ክፍተት ብትሄድ ሁለት እርምጃ ነው። አልሄደችበትም። በፊት በር ወጥታ፣ በመናኸሪያው መንገድ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሰፈሩን ዞራ ሄደች። የተነቀለው ሽቦ ከኋላዋ እንደ ጅራት ይጎተታል።

ሽንኩርት ሻጮቹ አዩዋት። "ደግሞ ለለቀስተኛው ልታሳይ ነው?" አለች አንዷ። ሌሎቹ ሳቁ። ሸዋርጋ ሰምታለች፤ እሺ፣ ይገባኛል ብላ አለፈች።

ድንኳኑ በር ላይ ስትቆም ወንዶቹ ከአግዳሚው ተነሡ። የሚያግዛት እጅ መጣ፤ ራሷን ነቅንቃ መለሰችው። ወርቂቱን ጠሯት። ወጣች፤ ፊቷ አባብጧል፤ ቆመች። ሸዋርጋ የምታየው እግሯን ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ስለ ሽቦው የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጠችው።

"ያስጮኽኩት እኔ ነኝ" አለች። "የኔ መሆኑን ልቤ እያወቀ ተቀምጫለሁ። የሬዲዮውንም ነገር ሰማሁ። ዛሬ።"

ቴሌቪዥኑ ማጅራቷ ላይ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ጉሉማ ከወንዶቹ መሐል ጉሮሮውን ጠረገ።

"አማቴ ህንዶቻቸውን ሳይሰናበቱ አይሄዱም ብዬ ነበር" አለ።

አንድ ሽማግሌ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። ወርቂቱ አልሳቀችም።

"አውርጂው፣ አንገትሽን ይሰብረዋል" አለች። ከዚያ በቋንቋዋ፣ "ታኢ" አለች። ተቀመጪ ማለት ነው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ሸዋርጋም አልጠየቀችም።

ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁላት፤ እሷ ግን ድንኳኑ በር ላይ፣ ሰው የሚገባበት ላይ፣ ቴሌቪዥኑን ፊቱን ወደ አጥሩ አዙራ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ከዲጋ አንድ መኪና ሙሉ ዘመድ መጣ። እያለቀሰ የገባ ሁሉ አልቅሶ ሲበቃው ዓይኑ እቃው ላይ ያርፋል፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ይላል።

"የኔ ነው" ትላለች ሸዋርጋ። "ለቅሶው ላይ ያስጮኽኩት እኔ ነኝ።"

አመሻሽ ላይ እሸቱ እግዜር ያጥናችሁ ሊል መጣ። አንዲት የዲጋ ሴት ስትጠይቃትና ሸዋርጋ እንደለመደችው ስትመልስ ሰማ። "ኧረ እሱ እኮ ሽቦው ነው፣ ዴኩ..." ብሎ ሊያስረዳ ጀመረ።

"እሸቱ" አለችው ሸዋርጋ ቀና ሳትል፣ "ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ከውስጥ መዝሙሩ ተጀመረ፤ ሸዋርጋ አታውቀውም፤ እስኪያልቅ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።